ጋርሚኑ ካርታ አልቀበልም ሲላችሁ፦ ችግሩና መፍትሄው

በዚህ ሳምንት ብቻ ሶስት ሰው ደውሎ "ጂፒኤሱ ካርታ እምቢ አለኝ" ስላለኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። ሀዋሳ ነው ያለሁት፣ ስራዬ ልኬት ነው፣ ቀኑን ሙሉ በእጅ የሚያዝ ጋርሚን (ያለሁበትን ቦታ ከሳተላይት የሚነግረኝ ጂፒኤስ ነው) ይዤ ስዞር ነው የምውለው፣ እና ካርታ ሲጫን ሊበላሽ የሚችል ነገር ሁሉ ሲበላሽ አይቻለሁ፣ ግማሹን ያበላሸሁት ራሴ ነኝ። ካርታ የምለው ኦፕንስትሪትማፕን ነው፣ ከ2004 ጀምሮ ሰው በፈቃደኝነት እየሳለው ያለ፣ ማንም በነፃ አውርዶ የሚጠቀምበት። "ስልኬ ላይ ካርታ አለኝ አይደል እንዴ" የሚለኝ አይጠፋም። አዎ አለህ፣ ግን ወንዶ ገነት ጫካ ውስጥ በዝናብ ስልክህን አብርተህ እስከ ማታ ዋልና እንተያያለን፣ ጋርሚኑ እንደሆነ ሁለት ባትሪ ድንጋይ ቀይረህለት ይቀጥላል።

ወደ ችግሮቹ ሳልገባ አንድ ነገር ልበል። ካርታውን ሁሌ ሚሞሪ ካርድ ላይ ጫኑት፣ የጂፒኤሱ የራሱ ሚሞሪ ላይ አትጫኑ። ካርድ ላይ ያለው ቢበላሽ ካርዱን ነቅሎ መጣል ነው፣ ውስጥ ያለው ከተበላሸ ግን ማሽኑ ራሱ አልነሳ ሊል ይችላል፣ ያኔ ነው ጣጣው። እዚህ ከምጽፈው ግማሹ እቺን ላልሰሙ ሰዎች ነው።

አሰራሩን ለማያውቅ ባጭሩ፦ ካርታውን ከኢንተርኔት ታወርዳላችሁ (ቢቢባይክ የሚባል ድረገጽ ላይ አካባቢያችሁን በአራት ማዕዘን ከልላችሁ የጋርሚን ፎርማት ስትመርጡ ሊንኩን በኢሜል ይልክላችኋል)፣ ዚፑን ትፈታላችሁ፣ ውስጡ መጨረሻው አይኤምጂ የሆነ ፋይል አለ፣ ካርዱ ላይ ጋርሚን የሚባል ፎልደር ከፍታችሁ እዛ ውስጥ ትከቱታላችሁ፣ ካርዱን ወደ ጂፒኤሱ፣ አለቀ። ሲሰራ አስር ደቂቃ አይፈጅም፣ ሳይሰራ ሲቀር ግን እንዲህ ነው፦

"ኮምፒውተሩ ጂፒኤሱን ጭራሽ አያየውም"

ኬብሉ ነው። አስር ጊዜ ከተጠየቅኩ ስምንቱ ኬብል ነው። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኬብል ውስጡ የዳታ ሽቦ የለውም፣ ስትሰኩት ጂፒኤሱ ይበራል፣ ሰው ደሞ መብራቱን አይቶ "ኬብሉማ ይሰራል" ይላል፣ አይሰራም። የድሮዎቹ ኢትሬክስና ጂፒኤስማፕ የሚባሉት የጋርሚን ሞዴሎች የሚወስዱት ደሞ ያቺን ወፈር ያለችውን ሚኒ ዩኤስቢ ነው፣ ከድሮ ካሜራ ጋር የምትመጣዋን፣ የአሁን ስልክ ኬብል አይገባም፣ አስገድዳችሁ አትግፉት። ጂፒኤስማፕ 60ሲኤስኤክስ የያዛችሁ ከሆነ ኬብሉ ጥሩ ሆኖም ላይታይ ይችላል፣ ምክንያቱም እሱ ራሱን እንደ ፍላሽ የሚያሳየው ሴትአፕ ገብታችሁ ኢንተርፌስ ውስጥ "ዩኤስቢ ማስ ስቶሬጅ" የሚለውን ስትጫኑ ነው። እኔ ግን ኬብል ፍለጋ ፒያሳን ከማካልል ካርዱን አውጥቼ በካርድ ሪደር ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ነው የምሰካው፣ ፋይሉም ቶሎ ይገለበጣል።

"ካርዱን ከተትኩ፣ ምንም የለም"

እዚህ ጋ ረጋ በሉ፣ ምክንያቱ ብዙ ነው።

መጀመሪያ ሞዴሉን እዩ። ባለፈው አንድ የልማት ጣቢያ ሰራተኛ ከወንዶ ገነት በኩል ይዞልኝ የመጣው 72ኤች ነበር፣ ለሁለት ቀን ካርድ የሚገባበትን ቀዳዳ ሲፈልግ ከርሞ። "ወንድሜ ይሄ ካርታ አይጭንም" ስለው የተቆጣሁት መሰለው። 72ኤች ነጥብ ለመያዝና ዙሪያ ለመለካት በጣም ጥሩ እቃ ነው፣ ግን የካርታ ማሽን አይደለም፣ ካርድም የለውም። ኢትሬክስ 10ም የካርድ ቦታ የለውም። ካርድ የሚቀበሉት ኢትሬክስ 20 እና 30፣ 20ኤክስ እና 30ኤክስ፣ 22ኤክስ እና 32ኤክስ፣ ከጂፒኤስማፕ ደሞ 60ሲኤስኤክስ፣ 62ኤስ፣ 64 ምናምን የሚሉት ናቸው። የካርዱ ቦታ ባትሪው ስር ነው፣ ባትሪውን ሳታወጡ አታገኙትም።

ሞዴሉ ልክ ከሆነ ቀጥሎ ካርዱ ነው። 64 ጊጋ ካርድ አዲስ ስትገዙ ኤክስፋት በሚባለው ፎርማት ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ጋርሚኖቹ ደሞ ፋት32 ነው የሚያነቡት፣ ኢትሬክሶቹ እስከ 32 ጊጋ ነው የሚሉት። ስለዚህ 64 ባትገዙ ይሻላል፣ ዊንዶውስም ከ32 ጊጋ በላይ የሆነን ካርድ በተለመደው ፎርማት ማድረጊያ ፋት32 ላድርግላችሁ አይልም፣ ሌላ ሶፍትዌር ፍለጋ ትገባላችሁ። 8 ጊጋ ከበቂ በላይ ነው፣ ኢትዮጵያ በሙሉ ገብታ ቦታ ይተርፋል። ሌላው ደሞ ፎርጅዱ ካርድ አለ። እኔ አንዴ ከአንድ ሱቅ 32 ጊጋ ብዬ የገዛሁት ሲፈተሽ 4 እንኳን አይሞላም ነበር፣ የሚያናድደው ደሞ ፋይሉ ሲገለበጥ ምንም ኤረር አይሰጥም፣ አለቀ ይላችኋል፣ ጂፒኤሱ ላይ ግን ካርታው ግማሹ ይመጣል ግማሹ ይጠፋል። ኤችቱቴስትደብሊው የምትባል ትንሽ ነፃ ፕሮግራም አለች፣ ካርዱን እስከ ጥግ ሞልታ መልሳ ታነበዋለች፣ ውሸቱን ታወጣዋለች፣ ጊዜ ትወስዳለች ግን ከመስክ መልስ ከመናደድ ይሻላል።

ካርዱም ደህና ከሆነ የፋይሉን ስም እዩ። ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ጂ፣ ኤም፣ ኤ፣ ፒ፣ ኤስ፣ ዩ፣ ፒ፣ ፒ ነው፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ፒ፣ ከዛ ነጥብ አይኤምጂ። እንደ 60ሲኤስኤክስ ያሉት የድሮዎቹ ከዚህ ስም ውጪ ዞር ብለው አያዩም፣ አዳዲሶቹ መጨረሻው አይኤምጂ ይሁን እንጂ ሌላ ስምም ይቀበላሉ። ወጥመዱ ያለው ዊንዶውሱ ጋ ነው፣ የፋይል መጨረሻውን ደብቆ ነው የሚያሳየው፣ እናንተ ስሙን ስትቀይሩ አይኤምጂ ብላችሁ ትጨምራላችሁ፣ ፋይሉ ግን ለካ ድሮውንም አይኤምጂ ነበር፣ አሁን አይኤምጂ ነጥብ አይኤምጂ ሆኖ ቁጭ። ቪው የሚለው ውስጥ ገብታችሁ "ፋይል ኔም ኤክስቴንሽን" የሚለውን ራይት አድርጉበት፣ እውነቱ ይወጣል። ዚፑን ሳይፈታ እንዳለ የሚከትም አለ፣ ፋይሉን ጋርሚን ፎልደር ውስጥ ሌላ ፎልደር ከፍቶ የሚከትም አለ፣ ሁለቱም አይሰራም።

ይሄ ሁሉ ልክ ሆኖ ካልመጣ ካርታው ገብቷል ግን አልበራም ማለት ነው። ሴትአፕ፣ ማፕ፣ ከዛ ማፕ ኢንፎርሜሽን ግቡ፣ ያወረዳችሁት ስም ዝርዝሩ ውስጥ አለ? አጠገቡ ኢኔብል በሉት። እዛው ዝርዝር ውስጥ ከማሽኑ ጋር የመጣ ቤዝማፕ የሚባል አለ፣ እሱ አገር በደፈናው የሚያሳይ ነው፣ ሀዋሳን አንድ ነጥብ ያደርጋታል፣ ብዙ ሰው እሱን እያየ "ካርታው ጥራት የለውም" ይለኛል። እና ጂፒኤሱ ውስጥ ስማቸው ጂኤምኤፒቢማፕ እና ጂኤምኤፒቲዜድ የሆኑ ፋይሎች ካያችሁ አትንኩ፣ የመጀመሪያው ያው ቤዝማፑ ነው፣ ሁለተኛው ሰአቱን በራሱ የሚያስተካክልበት ነው። "ቦታ ላስለቅቅ ብዬ" ያጠፋው ሰው ነው የሚደውልልኝ።

"ካርታው ሎዲንግ ላይ ደርሶ ቀጥ አለ"

ፋይሉ ተቆርጧል። ፓኬጅ ሲያልቅ ወይ መብራት ሄዶ ዋይፋዩ ሲጠፋ ዳውንሎዱ ይቋረጣል፣ ፋይሉ ግን ሙሉ መስሎ ይቀመጣል። ካርዱን አውጥታችሁ አስነሱት፣ ከተነሳ ጂፒኤሱ ጤነኛ ነው፣ ፋይሉን እንደገና አውርዱና ሳይዙን ድረገጹ ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዩ። ካርዱን ኮምፒውተሩ ላይ ስታወጡም ኢጀክት ሳትሉ አትንቀሉ፣ ያም ፋይል ይቆርጣል። ካርዱ ወጥቶም ካልተነሳ ካርታውን ውስጥ ላይ ጭናችኋል ማለት ነው፣ እንግዲህ ነግሬያችሁ ነበር።

"ካኖት ኦተንቲኬት ማፕስ ይለኛል"

ሁለት ምክንያት ነው የማውቀው። አንዱ የሚሸጥ ካርታ ከጓደኛ ጂፒኤስ ላይ ኮፒ ስታደርጉ ነው፣ እሱ በዛ ማሽን የተቆለፈ ነው፣ ተዉት። ሌላው ነፃውን ካርታ ስታወርዱ ዩቲኤፍ 8 (ዩኒኮድ) የሚለውን የፊደል አይነት መርጣችሁ ሲሆን ነው፣ አንዳንድ ጋርሚኖች ነፃ ካርታ በዩኒኮድ ሲመጣ አይቀበሉም። ላቲን 1 የሚለውን መርጣችሁ እንደገና አውርዱ።

"የቦታው ስም ጥያቄ ምልክት ብቻ ነው"

ይሄ የኛ አገር ችግር ነው፣ ፈረንጅ የጻፈው መመሪያ ውስጥ ስለማታገኙት ትንሽ ላብራራው። ኦፕንስትሪትማፕ ላይ እያንዳንዱ ቦታ ብዙ ስም ሊኖረው ይችላል፣ ዋና ስም፣ የእንግሊዝኛ ስም፣ የአማርኛ ስም እያለ። አገራችን ላይ ዋናውን ስም አንዱ በአማርኛ ሞልቶታል አንዱ በእንግሊዝኛ፣ ሻሸመኔ በኩል ስትሻገሩ ደሞ በአፋን ኦሮሞ። ጂፒኤሱ ግን የግዕዝ ፊደል ፎንት የለውም። ስለዚህ ካርታውን የሰራው ፕሮግራም ዋናውን ስም ከወሰደና ስሙ በአማርኛ ከሆነ ወይ ጥያቄ ምልክት ወይ ባዶ አራት ማዕዘን ታያላችሁ። ሲዳምኛውና ኦሮምኛው በላቲን ስለሚጻፍ ደህና ይወጣል፣ ለዛ ነው ስክሪኑ ላይ አንዱ መንገድ ስም ኖሮት አጠገቡ ያለው ጥያቄ ምልክት የሚሆነው። ማሽኑ አልተበላሸም፣ ፎርማት አታድርጉት።

መፍትሄው ካርታውን ራሳችሁ መስራት ነው፣ እንደሚባለው አያስፈራም። ኤምኬጂማፕ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ላፕቶፑ ላይ ጃቫ ካለ ይሰራል። የኢትዮጵያን የኦፕንስትሪትማፕ ዳታ ጂኦፋብሪክ ከሚባለው ድረገጽ ታወርዳላችሁ፣ በየቀኑ ነው የሚያድሱት። ዳታው እንዳለ ስለማይገባለት መጀመሪያ ስፕሊተር በሚባለው ጓደኛው ትቆራርጡታላችሁ፣ ከዛ ኤምኬጂማፕን ስታስነሱ "ኔም ታግ ሊስት" የሚለው ኦፕሽን ላይ መጀመሪያ የእንግሊዝኛውን ስም ፈልግ፣ ከሌለ ዋናውን ውሰድ ብላችሁ ትሰጡታላችሁ፣ ላቲን 1 የሚለውንም ትጨምራላችሁ። "አውት ኦፍ ሚሞሪ" ብሎ ከቆመ ላፕቶፑ ደክሞ ሳይሆን ጃቫ ትንሽ ራም ብቻ ስለተሰጠው ነው፣ ማስነሻው ላይ ኤክስ ኤም ኤክስ በሚለው ጨምሩለት። አንዴ ትእዛዙን ኖትፓድ ላይ ካስቀመጣችሁት ከዛ በኋላ ደብል ክሊክ ነው። እንግሊዝኛ ስም የሌለው ቦታ ያው አሁንም ይጨማለቃል፣ እሱ ላይ መጨረሻ እመለሳለሁ።

"ሀዋሳን ስፈልግ አያገኝም"

አጻጻፉ ነው። አንዱ በኤች ይጀምራል አንዱ በኤ፣ አንዱ ሁለት ኤስ ያደርጋል አንዱ አንድ። አዳማም ናዝሬት ብላችሁ ከፈለጋችሁ ላይመጣ ይችላል። ሁለት ሶስት ፊደል ብቻ ጽፋችሁ ከሚመጣው ዝርዝር ምረጡ። በአድራሻ መፈለግን ደሞ እርሱት፣ እኛ ጋ ቤት ቁጥርና መንገድ ስም ይዞ ቤት የሚያገኝ ሰው የለም፣ "ከመናኸሪያው ወረድ ብለህ" ነው አድራሻችን፣ ካርታውም ላይ እንደዛው ነው። ሆስፒታል፣ ማደያ፣ ቤተክርስቲያን ብላችሁ በነጥብ ፈልጉ።

"ሩት ስለው ቀጥ ያለ መስመር ሀይቁ ላይ አሰመረብኝ"

ሩቲንግ (መንገድ የሚመራበት) ሴቲንጉ ዳይሬክት ወይ ኦፍ ሮድ ላይ ነው። ወደ አውቶሞቢል ቀይሩት። ቀይራችሁም ካሰመረ ያወረዳችሁት ካርታ ሩቲንግ የለውም፣ ኤምኬጂማፕ ላይ ሩት የሚለውን ኦፕሽን ረስታችኋል። እዛው ሴቲንግ ውስጥ ያለውን "ሎክ ኦን ሮድ" ደሞ አጥፉት፣ በተለይ መሬት የምትለኩ፣ እናንተ ማሳ መሀል ቆማችሁ ቀስቷን አስፋልት ላይ ወስዶ ይለጥፋታል።

"ሁለት ካርታ ከትቼ አንዱ ብቻ ነው የሚታየው"

ኤምኬጂማፕ ምንም ካላላችሁት ለሰራው ሁሉ ፋሚሊ አይዲ (የካርታው መለያ ቁጥር) 6324 ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ ሁለቱም አንድ አይነት ቁጥር ይዘው ይጋጫሉ። ለአንዱ ሌላ ቁጥር ስጡት። የኮንቱር (የከፍታ መስመር) ካርታ ጨምራችሁ ጂፒኤሱ ከተጎተተ ደሞ ታቦር ተራራን እስክትወጡ ኮንቱሩን አጥፉት፣ ሌላ ዘዴ የለውም።

"ነጥቤ ከቦታው 200 ሜትር ሸሸ"

በዚህ ነው እኔ የተዋረድኩት። አንድ መስሪያ ቤት የውሃ ጉድጓድ የሚቆፈርበትን ነጥብ በወረቀት ሰጠኝ፣ ዩቲኤም (ቦታን በሜትር የሚገልጽ የቁጥር ስርዓት) ነው፣ ቁጥሩን አስገባሁ፣ ካርታው ላይ አየሁት፣ ሄድን፣ ምልክት አደረግን፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ዝም ብለው ያዩናል። በኋላ አንዱ "ልጄ፣ ያኔ የመጡት ሰዎች እንጨት የተከሉት እዛ ላይ ነው" ብለው ሽቅብ አሳዩኝ። እኔ ደሞ በጂፒኤስ ተከራከርኳቸው። እንጨቱ እሳቸው ባሉት ቦታ ነበር።

የሆነው ምንድነው፣ የድሮዎቹ 1፡50,000 የካርታ ስራዎች ድርጅት ካርታዎች የተሰሩት አዲንዳን በሚባል ዳተም (የልኬት መነሻ) ነው፣ ጂፒኤሱና ኦፕንስትሪትማፕ ደሞ ደብሊውጂኤስ 84 ናቸው። ቁጥሩ አንድ ነው፣ የሚቆጠርበት መነሻ ግን ይለያያል። የአዲንዳንን ዩቲኤም ቁጥር ደብሊውጂኤስ ላይ ባለ ጂፒኤስ ስታስገቡ እኛ አካባቢ ነጥቡ ወደ ደቡብ 200 ሜትር ገደማ፣ ወደ ምዕራብ ደሞ ወደ 100 ሜትር ይሸሻል። ስለዚህ ነጥብ በወረቀት ሲሰጣችሁ "ዳተሙ ምንድነው" ብላችሁ ጠይቁ፣ አዲንዳን ከሆነ ሴትአፕ፣ ፖዚሽን ፎርማት፣ ማፕ ዳተም ገብታችሁ አዲንዳን በሉት፣ ነጥቡን አስገቡ፣ ሴቭ አድርጉ፣ ከዛ ወዲያው ወደ ደብሊውጂኤስ 84 መልሱት። ጂፒኤሱ ነጥቡን ራሱ ይቀይርላችኋል። መመለሱን ከረሳችሁ ግን ነገ የምታነቡት ቁጥር ሁሉ በሌላ ዳተም ነው፣ ለሰው ስትሰጡት በተራችሁ ሰው ታዋርዳላችሁ።

ዩቲኤም ላይ ካላችሁ ሌላም የሚያስደነግጥ ነገር አለ፣ ዞናችን 37 ነው፣ ሀዋሳ ላይ 37 ኤን ይላችኋል፣ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ዝዋይን አልፋችሁ መቂ ሳትደርሱ 37 ፒ ይሆናል። ኤኑ ኖርዝ ማለት አይደለም፣ 8 ዲግሪ ኬክሮስን ስታልፉ የሚቀየር የፊደል መደብ ነው። ምንም አልተበላሸም፣ መኪና አታስቁሙ።

"ካርታው አለ፣ የኔ ሰፈር ግን የለም"

መጀመሪያ ዙም አድርጉ፣ ዲቴይል የሚለውንም ሞስት ላይ አድርጉት፣ ትንንሽ መንገዶች ስታርቁት ይደበቃሉ። ያወረዳችሁት አራት ማዕዘን ሰፈራችሁን መንካቱንም እዩ። ጂፒኤሱ ጭራሽ ሌላ አህጉር ላይ ቆሞ ካገኛችሁት ሳተላይት አልያዘም፣ ቤት ውስጥ ሆናችሁ አትጠብቁ፣ ደጅ አውጡት፣ ብዙ ጊዜ ጠፍቶ የቆየ ከሆነ የሳተላይቶቹን ዝርዝር እንደገና ለመውሰድ ብቻ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈልጋል።

ይሄ ሁሉ ተደርጎም ሰፈሩ ከሌለ እስካሁን ማንም አልሳለውም ማለት ነው። አካውንት ከፍታችሁ ራሳችሁ ሳሉት፣ በጂፒኤሱ ትራክ ይዛችሁ በእግር ዙሩት፣ ያንን ጂፒኤክስ ፋይል ድረገጹ ላይ ጫኑና መንገዱን በላዩ አስምሩ። ከጉግል ካርታ ላይ ግን እያያችሁ አትገልብጡ፣ ፈቃዱ አይፈቅድም፣ ያገኙት ቀን ያጠፉታል። ስሙን ስትሞሉ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ሙሉት፣ ቅድም ያልኳችሁ ጥያቄ ምልክት የሚጠፋው እንደዛ ነው። እኔ ከአቶቴ ሰፈር ወደ ውስጥ የምታስገባዋን ኮብልስቶን ከነስሟ እሁድ ከሰአት አስገባኋት፣ ማክሰኞ አዲሱን ዳታ ከጂኦፋብሪክ አውርጄ ካርታውን እንደገና ሰራሁት፣ እሮብ ጠዋት ስራ ስወጣ ቀስቷ እቺው መንገድ ላይ ነበረች።